ልጃችሁ መርገም አይደለም

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በኑዛዜ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጂንካ ከተማ፣ ባለቤቴ በመጋቢነት በሚያገለግልበት አጥቢያ፣ የእሑድ አምልኮ ላይ ነበርን። መዘምራኑ ሁለተኛውን መዝሙር ሲጀምሩ የድምፅ ማጉያው አንባረቀ። ከመካከለኛው ረድፍ አራት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፍኖ ይጮኽ ጀመር። እናቱ ልታቅፈው ብትሞክር ራሱን ወደ ኋላ ወርውሮ ከእቅፏ አመለጠና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ተመለከተ። እኔም ከፊት ወንበር ተነሥቼ ሄድኩና በጆሮዋ፣ «እህቴ፣ ሕዝቡ አምልኮ ላይ ነው፤ እባክሽ ይዘሽው ውጪ» አልኳት። ወጣች። ከዚያ በኋላ ለሰባት ወር አልተመለሰችም።

ነገሩ በዚህ ብቻ አላበቃም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጸሎት ቡድኑ ጋር ወደ ቤቷ ሄድን። ልጁን ይዘን በታላቅ ድምፅ ጸለይን። ድምፃችን በጨመረ ቁጥር ልጁ ይብስ ጮኸ፤ እኛም መጮኹን ለጋኔኑ ማስረጃ አድርገን ቆጠርነው። በመጨረሻም እናቱን፣ «በሕይወትሽ ያልተናዘዝሽው ነገር አለ?» ብዬ የጠየቅኋት እኔ ነበርኩ። ባሏ በሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር። የእርሱ ቤተሰቦች ቀድሞውኑ ነገሩ ከእሷ ወገን የመጣ ነው ይሉት ነበርና፣ በዚያው ሳምንት ልብሱን ይዞ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ።

ዓይኔን የከፈተችልኝ በአጥቢያችን የምታመልክ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «እትዬ፣ ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል? ዓይን ለዓይን ያያል?» ስትል ጠየቀችኝ። አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ሦስት ሰዓት ሙሉ እጄን ጭኜበት ጸልያለሁ፤ ልጁን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን በሥልጠና ላይ እንዲህ ያሉ ልጆችን አሳይተውናል። ኦቲዝም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው» አለችኝ። ሐኪሞችም ኋላ ያሉት ይህንኑ ነው።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም የአእምሮ እድገት ከሕፃንነት ጀምሮ ከተለመደው በተለየ መንገድ ሲሄድ የሚታይ ሁኔታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ1943 ሊዮ ካነር የተባለ በአሜሪካ ይሠራ የነበረ ሐኪም፣ 11 ልጆችን ተከታትሎ በጻፈው ጽሑፍ ለዓለም አስተዋወቀው። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ስለዚህ በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ልጅ የለም ካላችሁ፣ ምናልባት በጓዳ ተሸሽጎ ይሆናል።

መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በዘር የሚወረስ ነገር መሆኑን ምርምሮች ያሳያሉ። በውጭው ዓለም ሳይቀር በአንድ ወቅት፣ ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው ተብሎ ብዙ እናቶች በከንቱ አልቅሰዋል፤ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል። ክትባት ያመጣዋል የሚለውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን ወሬ ያስነሣውን ጽሑፍ ያወጣው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2010 ሰርዞታል። ስለዚህ ልጆቻችሁን አስከትቡ።

ምልክቶቹስ? አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ፣ በአንድ ዓመት ከአራት ወሩ አንድ ቃል፣ በሁለት ዓመቱ ደግሞ ሁለት ቃል አገጣጥሞ የማይናገር፣ ወይም የለመደውን ቃል መልሶ ያጣ ልጅ መታየት አለበት። አንዳንዱ እጆቹን እንደ ክንፍ ያርገበግባል። ሌላው የቡና ሲኒዎችን በመስመር ሲደረድር ይውላል፤ አንዱን ብታነሡበት ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ የሚበላ አለ፤ የእኛው ልጅ ከሙዝና ከቂጣ በቀር ሌላ አይቀምስም ነበር። ለእኛ ተራ የሆነው የባጃጅ ጥሩምባ፣ የቅዳሜ ገበያ ጫጫታና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ለእንዲህ ያለው ልጅ ጆሮ እንደ መዶሻ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ ስለታየ ኦቲዝም ነው ማለት አይቻልም። የመስማት ችግር ያለበት ልጅም ስሙ ሲጠራ አይዞርምና ጆሮው አብሮ ይመርመር። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ነገር ግን እርዳታው በልጅነት ሲጀመር ልጁ ብዙ ሊማር ይችላል።

«ሚንጊ» እና እኛ

በደቡብ ኦሞ የምንኖር ሁሉ «ሚንጊ» የሚለውን ቃል እናውቃለን። በካራ፣ በሐመርና በበና ወገኖቻችን ዘንድ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ፣ መንታ ሆኖ የተወለደ፣ ወይም ሽማግሌዎች ሳይፈቅዱ የተጸነሰ ሕፃን ለዘመናት በዚህ ስም ሲጠራ ኖሯል። ድርቅ፣ ረሃብና በሽታ ያመጣል ተብሎ ስለሚፈራም እንዲወገድ ይደረግ ነበር።

የካራ ተወላጅ የሆነው ላሌ ላቡኮ፣ ከእርሱ በፊት የተወለዱ ሁለት እህቶቹ በዚህ ምክንያት እንደጠፉ ገና በአፍላ ዕድሜው ከእናቱ ሰማ። ከሕዝቡ ቀድመው ዘመናዊ ትምህርት ካገኙት አንዱ ነበርና፣ ተመልሶ ወጣቶችንና ሽማግሌዎችን ማሳመን ጀመረ። የተረፉትን ሕፃናትም እዚሁ ጂንካ በተከፈተ ቤት ማሳደግ ያዘ። የካራ ሽማግሌዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ልማዱን በይፋ አስቀሩት።

ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ወንጌል ያልደረሰበት ሕዝብ ነገር ነው ብለን ራሳችንን እንነቀንቃለን። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ግን እስቲ እንጠያየቅ። እኛ ጥርስ አንቆጥርም እንጂ ቃል እንቆጥራለን። ያልተናገረውን ልጅ ወደ ወንዝ አንወስደውም እንጂ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እንዘጋበታለን። እናቲቱን ከመንደር አናባርርም፤ የሠርግና የክርስትና ሕብረት ጥሪ ግን እንነፍጋታለን። ካራዎች ልማዳቸውን መርምረው ትተውታል። እኛስ የእኛን መቼ ነው የምንመረምረው?

ቃሉ ምን ያስተምረናል?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ በመጀመሪያ ያነሡት ጥያቄ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ነበር፤ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም ነፃ አደረጋቸው። ልብ በሉ፤ ጌታ ዓይኑን ከማብራቱ በፊት ስሙን አጠራለት። የወላጆቹንም ስም እንዲሁ። እኔ በዚያች እናት ቤት የጠየቅኋት ጥያቄ ጌታ አስቀድሞ የዘጋው ጥያቄ ነበር።

አንዳንዶች በማርቆስ 9 ያለውን ልጅ ጠቅሰው፣ የማይናገር ልጅ ሁሉ መንፈስ አለበት ይላሉ። ነገር ግን ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ቁጥር 24 ላይ ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር፣ በልዩ ልዩ በሽታ የተያዙትንና አጋንንት ያደሩባቸውን ለይቶ ይጠራቸዋል። ቃሉ የለየውን እኛ ለምን እንደባልቃለን? በዘጸአት 4 ደግሞ አፉ ኮልታፋ ለነበረው ሙሴ እግዚአብሔር የሰጠው መልስ የሰውን አፍ የፈጠረ ማን እንደሆነ የሚያስታውስ ነው፤ ከጎኑም አሮንን አቆመለት። ቃል ላጣው ልጅ አሮን የሚሆንለት ከወላጆቹ ቀጥሎ ማን ነው? እኛ አይደለንምን?

ጸሎት ይቅር እያልኩ አይደለም። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ ዛሬም ለዚያ ልጅ እጸልያለሁ። አሁን ግን የምጸልየው በዝግታ ነው፤ አልይዘውም፤ አልጮኽበትም። ልጁ እስኪለወጥ ድረስም ፍቅሬን አላዘገይበትም። ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው እንዳልተወሰደለት፣ ጸጋ ግን እንደበቃው (2ቆሮ. 12) ስንሰብክ የኖርን ሰዎች ነን። ይህን ለራሳችን የምንሰብከውን ስብከት ለዚህ ልጅ ቤተሰብም እናካፍል።

ለባልና ሚስት

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ በአዲስ አበባ በሁለት ክሊኒኮች የሚታዩ፣ ኦቲዝምና ሌላ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከ100 ሰዎች 40 ያህሉ የልጁን ሁኔታ ከክፉ መንፈስ፣ 27 ያህሉ ደግሞ ከኃጢአት ጋር አያይዘውታል። 45 ያህሉ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ስለጎደላቸው ነገር ሲጠየቁ ግን ከ100 ወደ 75 የሚጠጉት የመለሱት፣ ልጃቸው የሚማርበት ቦታ መሆኑን ነው። አያችሁ? ወላጅ የሚፈልገው ልጁ እንዲማርለት ነው፤ እኛ ግን ኃጢአቱን ስንፈልግበት እንውላለን።

በእንዲህ ያለው ቤት ባልና ሚስት እርስ በርስ መካሰስ ይጀምራሉ። «በእናንተ ዘር ነው፤» «በእርግዝናሽ ጊዜ ተጠንቅቀሽ ቢሆን ኖሮ፤» «አንተ ቤት ብትውል ኖሮ።» ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ፣ ቀን ደግሞ የጎረቤት ዓይን ሲወጋት ውላለች። ቤተሰቦችህ ሊወቅሷት አፋቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ መቆም ያለብህ አንተ ነህ። እህቴ ሆይ፣ አንቺም ሁሉን ብቻሽን ይዘሽ አባትየውን አታርቂው። በመጀመሪያ ሲሳሳት ብታዪውም ተዪው፤ ይለምደዋል። በሳምንት አንድ ቀን አንዳችሁ ልጁን ይዛችሁ ሌላው ይረፍ። ሌሎቹን ልጆቻችሁንም አትርሱ፤ እነርሱም «እኛስ?» ብለው በልባቸው ይጠይቃሉ።

የዚያች እናት ባል ከአምስት ወር በኋላ ተመልሷል። የመለሰው የእኔ ምክር አልነበረም። ባለቤቴ የሁለቱንም ወገን ሽማግሌዎች ሰብስቦ፣ በዚህች ሴት ላይ አንዳች በደል እንዳልተገኘባት፣ ጥፋቱ ያለ እውቀት የፈረደችው የቤተ ክርስቲያናችን እንደሆነ በግልጽ ተናገረ። እኔም በዚያው ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ባሏ ለረጅም ጊዜ አቀርቅሮ ከቆየ በኋላ፣ «ልጄን ሳይሆን ሐፍረቴን ነው የሸሸሁት» አለ።

ስለ ልጅ መሟገት

የከነዓናዊቷን ሴት ታሪክ በማቴዎስ 15 አንብቡት። ዝም ተባለች፤ ደቀ መዛሙርቱም እንድትሸኝ ፈለጉ። እሷ ግን ስለ ልጇ መለመኗን አላቆመችም፤ ጌታም እምነቷን አደነቀ። ስለ ልጅ መሟገት ለክርስቲያን ነውር አይደለም።

በአገራችን ይህን መንገድ ከጠረጉት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈቱ ሴት ነበሩ። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው ጆጆ በትምህርት ቤቶች ቦታ ባጣ ጊዜ፣ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቻችን ኦቲዝም የሚለውን ቃል ሰምተነው እንኳ አናውቅም ነበር። እርሳቸው ግን በአደባባይ ስለ ልጃቸው ተናገሩ፤ ለማስተማሪያም አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ ዘዴ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፉም የከፈቱት በር አልተዘጋም። ወይዘሮ ራሔል አባይነህ የተባሉ ሌላ እናትም ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልን በዚያው በአዲስ አበባ መሥርተዋል።

«አዲስ አበባ ለእኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 ቅጥሩ የተሠራው ብዙዎች በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ክፍል በመጠገናቸው ነበር። እኛም ከቤታችን ፊት ለፊት እንጀምር።

ሕጉም ከወላጅ ጎን ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 ልጆቹ ከሌሎች ጋር እኩል የመማር መብት እንዳላቸው ይናገራል። ትምህርት ቤት ስትሄዱ ልመና ይዛችሁ እንደሄዳችሁ አትቁጠሩት።

የእኛዋ እናት አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ ሄዳለች። በመጀመሪያው ቀን፣ ትምህርት ቤቱ ለእንዲህ ያለ ልጅ እንደማይሆን ተነገራት። በሁለተኛው፣ ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። በሦስተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና ባለቤቴን ይዛ፣ በእጇ የጻፈችውን አንድ ወረቀት አቀረበች። ወረቀቱ ላይ ልጁ የሚወደው፣ የሚያስፈራው፣ ሲጮኽ ምን ቢደረግለት እንደሚረጋጋ ተዘርዝሮ ነበር። አንዲት መምህርት አንብባ፣ «ይሄንን ካወቅሁማ እሞክረዋለሁ» አለች። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ተፈቀደለት፤ ከደወሉ በፊት ገብቶ ከደወሉ በፊት ይወጣ ነበር። ዛሬ ግማሽ ቀን ይማራል። እናንተም እንዲህ ያለ ወረቀት አዘጋጁ፤ ማንን መቼ እንዳነጋገራችሁም መዝግቡ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

የዓለም የጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ትምህርቶችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት። ትምህርቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከዋና ዋናዎቹ ጥቂቶቹን ላካፍላችሁ፦

ወደ ልጁ ቁመት ዝቅ በሉ። እርሱ በያዘው ነገር አብራችሁት ተጫወቱ፤ ሲኒ እየደረደረ ከሆነ እናንተም አንድ ሲኒ አቀብሉት።

በአጭር ቃል ተናገሩ። «ና፣ እጅህን ታጠብና ምሳ ብላ» ከማለት «እጅ መታጠብ» በሉና በእጃችሁ አሳዩት።

ሥራን ከፋፍላችሁ አስተምሩ። ሸሚዝ መልበስ ብዙ እርምጃ አለው፤ ዛሬ አንዱን ብቻ። ሲችል ወዲያው አመስግኑት።

ለውጥ ሲኖር ቀድማችሁ ንገሩት። ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት የምትይዙትን ዘንቢል አሳዩት፤ ዘንቢሉ ቃል ይሆንለታል።

ሲጮኽ ለምን እንደጮኸ ፈልጉ። ድምፅ ነው? ረሃብ ነው? ጥርሱን አሞት ነው? መናገር ያልቻለ ልጅ ሕመሙን የሚናገረው በጩኸት ነው። መምታትና ማሰር ፍርሃትን እንጂ ሌላ ነገር አያስተምረውም።

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሚጥል በሽታ ሊኖርባቸው እንደሚችልም እወቁ። ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱት። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት «ተጸልዮለታል» ብላችሁ አታቋርጡ።

ለአጥቢያ መሪዎችና ለምዕመናን

የመጋቢ ሚስት እንደመሆኔ ይህን ለራሳችን እናገራለሁ። የድምፅ ማጉያውን ዝቅ ማድረግ መንፈስን አያጠፋም። በበሩ አጠገብ አንድ ወንበር ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ይቀመጥ፤ ልጁ ሲጨንቀው ወጥቶ እንዲመለስ ነው። ከሴቶች ሕብረት ሁለት ሰው ተራ ገብቶ ልጁን ይያዝ፤ እናቱ በወር አንድ ስብከት እንኳ እስከ መጨረሻው ትስማ። የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች ስለ ልጁ እናቱን ይጠይቁ። በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን የሚከበረውን የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ምክንያት አድርጋችሁ የጤና ባለሙያ ጋብዙ። ከሁሉ በላይ ግን «ምን ኃጢአት ሠርታችሁ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአፋችን ይውጣ።

ልጁ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ አልተናገረም። ውኃ ሲፈልግ የኩባያ ሥዕል፣ መውጣት ሲፈልግ የበር ሥዕል ያሳያል። ባለፈው እሑድ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ፣ ጆሮው ላይ ወፍራም ሹራብ ኮፍያ አድርጎ ገባ። በመዝሙሩ መካከል ወርዶ ወደ እኔ መጣና እጄን ይዞ መዳፌን በጉንጩ ላይ አደረገው። ያ እጅ በአንድ ወቅት ወደ ውጭ ያስወጣው እጅ ነው። እርሱ ይቅር ብሎኛል ብዬ አምናለሁ።

እናንተ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከጓዳ አውጡት። እናንተ ምዕመናን ሆይ፣ ሲወጣ የሚቀመጥበት ቦታ አዘጋጁለት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።